የተናደድኩት በጌሙ ነው

ሙሽራው፣

ወደ ጋራዥ ማልጄ ስለምወጣ አልቀሰቀስኩህም። ሩዙ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

የጌሙን ጆይስቲክ አትነካካው። ትናንት ስወረውረው አንዱ ቁልፍ ገብቶ ቀርቷል፤ ማታ እኔው አየዋለሁ።

ግን እንዴት አልናደድ? ስንት ዓመት ሙሉ "ክፍል ሁለት ሲወጣ" እያልን ኖረን፣ ይሄን ጉድ ያምጡልን! የመጀመሪያው ላይ አንዳችን ስንወድቅ ሌላው ተመልሶ ያነሳው ነበር። እዚህ ግን እኔ ወድቄ "ድረስልኝ!" እያልኩህ፣ ጌሙ አንተን ብድግ አድርጎ ወደሚቀጥለው በር ይወስድሃል። ጠላቶቹም ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። ይባስ ብሎ ያለፍነውን ሁሉ ለአንተ ብቻ መዝግቦ እኔን ከዜሮ አስጀመረኝ።

አንተ ደግሞ "ተወው ባክህ፣ ጌም አይደል እንዴ" ብለህ ዕቃህን ካርቶን ውስጥ መክተት ቀጠልክ። ያበገነኝ እሱ ነው።

"ሂድ፣ እሷ ታጫውትህ" ያልኩህ ከአፌ አምልጦኝ ነው። እጮኛህ ጥሩ ልጅ ናት፤ እንዳትነግራት።

ቅዳሜ ዕቃህን የማደርስልህ እኔ ነኝ። መኪና ከጋራዥ እለምናለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳትጠራ።

ቴሌቪዥኑንም አንተ ውሰደው።
ብቻዬን ምን ላደርግበት?