የቦራክስ ድርሻ

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያ የመሐል ሜዳ ቁር ጉልበትሽን እንዴት አደረገብሽ? ገብሱስ ተሰበሰበ? እህቴ ጸሎት አሁንም መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ወጥ ታሳርራለች? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲህ ማለት ወግ ስለሆነ ብያለሁ። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ይህን የሚያመጡልሽ ሸማ ተራ ነጠላ የሚሸጡት እትዬ በለጥሻቸው ናቸው። ለበዓሉ አገር ቤት እገባለሁ ሲሉኝ ጊዜ ጻፍኩ። በስልክማ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። አንድም ጋሼ ይመር አጠገቤ ቆሞ ያዳምጣል፣ አንድም አንቺ «አጎትሽን አክብሪ» ትይና ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ጸሎት እንዳታነብልሽ፣ ራስሽ አንብቢው። ጽሕፈቴ ተበላሽቷል፣ ቀስ እያልሽ ታነቢዋለሽ። ጠረጴዛው ስለሚነቃነቅ ነው።

ጋሼ ይመርን በዚህ ደብዳቤ «እሳቸው» ሳይሆን «እሱ» እለዋለሁ። አንቺ ሰው አክባሪ አድርገሽ አሳድገሽኛል፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ስለ እኔ ብዙ ነግሮሻል አሉ። ወርቅ ሰረቀችኝ ብሏል። መጠጥ ጀምራለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል ብሏል። አስከትሎም ጸሎትን ላኪልኝ፣ እኔ ዘንድ ሆና ትማር፣ ጣቷ ትንንሽ ስለሆነ የሽቦ ሥራውን አስለምዳታለሁ ብሎሻል። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው። መልሴ ቦራክስ ነው።

ቦራክስን መቼም አትረሺውም። አባባ ብር ሲበይድ የሚነሰንሰውን ነጭ ዱቄት ይመስላል ብሎ ስም ያወጣለት ድመታችን። አባባ የመርካቶ ቤታችንን መሥሪያም መኖሪያም ሲያደርገው ለቦራክስ ሲል ሕግ አውጥቶ ነበር። አሲዱ ክዳን ባለው ጠርሙስ ከላይኛው መደርደሪያ ይቀመጣል። ወለሉ ላይ የወደቀ የሽቦ ቁራጭ ሳይለቀም ድመት አይገባም፣ ይውጠዋልና። እሳት ሲነፋ ቦራክስ ደጅ ይሆናል፤ አንዴ ጅራቱ ከተለበለበ ወዲህ ራሱ አውቆ ይወጣ ነበር። ደፉ ላይ ደግሞ ያ ሰፊ ሳህን ነበር። ከመሥሪያው የሚወጣ ሁሉ እጁን ይታጠባል፣ ቦራክስም መዳፎቹን። «ድመት መዳፉን ይልሳል፤ የብር ብናኝ ሆዱ እንዲገባ አልፈልግም። ብሬም በየጎረቤቱ እንዲዞር አልፈልግም» ይል ነበር አባባ እየሳቀ። ውሃውን ያዘቅጥና ከሥር የቀረውን ለብቻው በትንሽ ማሰሮ ያስቀምጠዋል። የቦራክስ ድርሻ ነው ይላል። የመጀመሪያው ጆሮ ጌጤ ከዚያ ነው የተሠራው።

እኔን ደግሞ «እጄ» ነበር የሚለኝ። «እጄ፣ ነይ ይቺን ሽቦ ጠምዝዢልኝ፤ ዓይኔ እምቢ አለ።»

አባባ ሲሞት ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። «ልጅቷ ተምራለች፣ ኬሚስትሪዋን ይዛ ቢሮ ትግባ፤ እሳትና መዶሻ የወንድ ነው» ብለው መሥሪያውን ለወንድሙ ሰጡት። የአባባን የመጨረሻ መስቀል ማን እንደጨረሰው ታውቂ ነበር። አንቺ ግን መሬት መሬት እያየሽ ዝም አልሽ። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። አይ፣ ልወቅስሽም ነው።

ጋሼ ይመር የብር ሥራውን ተወው። ገበያው አሁን ለሙሽራ የሚሆን ወርቅ ቅብ ነው። ወርቁን በባዜቃ፣ እኛ ሜርኩሪ ብለን በተማርነው ፈሳሽ ብረት፣ ያሟሟና ብሩ ላይ ይቀባዋል፣ ከዚያ እሳት ያሳየዋል። ባዜቃው ጭስ ሆኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ጭሱ ወዴት ይሄዳል? በአባባ ጊዜ መስኮት ነበረን። ጋሼ ይመር ብናኙን ንፋስ እንዳይወስድበት፣ ሰውም ሥራውን እንዳያይበት ብሎ መስኮቱን በቆርቆሮ መታው። እማዬ፣ ያ ጭስ ሽታ የለውም። አያስልም፣ ዓይን አያስለቅስም። ዝም ብሎ ጋቢው ላይ ያርፋል፣ እንጀራው ላይ ያርፋል። እኔ የምተኛው ከመጋረጃው ወዲያ ነበር፣ ቦራክስ ደግሞ እግሬ ሥር።

ነገርኩት። የተማርኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሰምቶኝ ወጣና ወተት ገዝቶ መጣ። «ወተት ያላረከሰው መርዝ የለም» አለና ለእኔ በብርጭቆ፣ ለቦራክስ በሳህን ቀዳልን። ከዚያ ወዲህ ወተቱን አንድ ቀን አላጓደለብንም፣ ራሱም ይጠጣል። ጨርሶ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የወተቱ ሳህን የሚቀመጠው ግን እሳቱ አጠገብ ነው።

ምን አለሽ ተራ ሄጄ ከቆርቆሮ የጭስ ማውጫ አሠራሁ። ቀጥቃጩ «እህቴ፣ ሰው ምድጃ ያሠራል፣ አንቺ የጭስ መሰላል ታሠሪያለሽ» ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን አሳምሮ ሠራልኝ። ጋሼ ይመር በማግሥቱ ነቀለው። «ለድመት የጭስ ማውጫ! ነገ ደግሞ ለአይጦቹ በረንዳ አሠሪላቸው!» አለ፣ ደንበኞቹም ሳቁለት። ወረዳ ሄጄ አመለከትኩ። ተቀባዩ ልጅ ተጎጂው ማነው አለኝ። ድመቴ ስለው የቢሮው ሰው ሁሉ ቀና አለ። «የድመት አቤቱታ የምንቀበልበት መስኮት የለንም፣ እህት» አለኝ። ሌላ ተጎጂ አለ ወይ ብሎ ግን አልጠየቀኝም።

ቦራክስ መጀመሪያ ዝላይ ሳተ። ዕድሜ ልኩን ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ የዘለላትን ዝላይ ሳታትና ወደቀ። እኔም ሳቅኩበት። ቀጥሎ ወተቱን መላስ አቃተው። አፉን ወደ ሳህኑ ሲያወርድ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወተቱ ይረጫል፣ ጢሙ ይርሳል፣ ሆዱ ግን ባዶውን ይቀራል። ያ ጨዋ ድመት ነጭናጫ ሆነ። እኔን፣ እማዬ፣ እኔን ቧጨረኝና እንዳፈረ ሰው አልጋ ሥር ገባ። የግቢያችን ሰው፣ የወሎዋ ሀጅራ፣ ቤቷ ወስዳ ልታኖረው ሞከረች፤ እየተንገዳገደ ተመልሶ መጣ። ቤቱ ነዋ! አንድ ረፋድ ላይ በአባባ የቆዳ ሽርጥ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ቀዝቅዟል።

ጋሼ ይመር ምን ያለኝ ይመስልሻል? «ከመቅበርሽ በፊት እጠቢው» አለኝ። «ፀጉሩ ውስጥ ወርቅ አለ። ሳህኑ ውስጥ እጠቢውና ውሃውን አስቀምጪልኝ።» ብሎ የአባባን ሳህን በእግሩ ገፋልኝ።

አላጠብኩትም። በነጠላዬ ጠቅልዬው ወጣሁ። መርካቶ ውስጥ አፈር ከየት ይመጣል? የረገጥሽው ሁሉ ሲሚንቶ ነው። ሀጅራ ጓሮዋ ያለችውን አንድ ክንድ የማትሞላ የጤና አዳም መደብ ነቀለችና «እዚህ አሳርፊው፣ ድመት የቤት ሰው ነው» አለችኝ፤ አብራኝም ቆፈረች። እሱ ደጅ ቆሞ «ሌባ! ወርቄን ቀበረችብኝ!» እያለ ይጮሃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። እንግዲህ ሰረቀች የተባልኩት ወርቅ ይኸው ነው። ቦታውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሄዶ ያውጣው።

ስለ መጠጡ፣ አልጠጣም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ጠበል ትሂድ ማለትሽን ሰምቻለሁ። ተክለ ሃይማኖት ሄጄ ተጠምቄያለሁ። ሐኪም ቤትም ሄጄ ለምርመራ ደም ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱንም ተቀብያለሁ። ሐኪሟ ደግ ሴት ናት። ስለ ቦራክስ ስነግራት አልሳቀችም።

እማዬ፣ ጸሎትን አትላኪያት። ጥሩ ትምህርት ቤት አለ ቢልሽ፣ ወተት በየቀኑ አጠጣታለሁ ቢልሽ፣ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ቢልክብሽ፣ አትላኪያት። ያኔ ዝም ብለሻል። ዛሬ ዝም ብትይ ግን እኔ እናት የለኝም፣ ይህን እወቂው። ትንንሽ ጣት ለምን እንዳስፈለገው ደግሞ ራስሽን ጠይቂ። በዚያ ቤት ሽቦ የሚጠመዝዝ ሰው ነበረ እኮ።

ለእኔ ብለሽ አትምጪ፤ መንገዱ ለጉልበትሽ አይሆንም፣ ብትመጪም የምታደርጊው ነገር የለም። አሁን ያለሁት ሀጅራ ቤት ነው። ይህንንም የጻፍኩልሽ ባሏ ትቶላት በሞተው የዋንዛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት የመርካቶ ተሸካሚ ቢገፋው እንኳ አይነቃነቅም።

ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተቋጠረ ጆሮ ጌጥ አለ። የጸሎት ነው። ብሩ ከአባባ ማሰሮ የወጣ ነው፤ ባዜቃ ያልነካው፣ የቦራክስ የድሮ ድርሻ። አትፍሪ፣ ታድርገው። ጫፉ ጠመም ብሏል፤ ድሮ እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ አይወጣም ነበር። የላክሁት አንዱን ብቻ ነው። ለጥንዱ ሌላ አንጥረኛ ፈልጉለት።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ጎተራሽን አያጉድልብሽ። የጸሎትን ጣቶች ለመጽሐፍ ገላጭነት ያቆይልሽ። እኔንም እንደ ፈቃዱ።

አባባ «እጄ» ይላት የነበረችው

ልጅሽ