ስለማይጮኸው ጄኔሬተራችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ
ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎም ቢሮዎም ሙቀት እንዳልጎደለባቸው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ተከራዮችዎ፣ ሰሞኑን በረዶው የመብራቱን መስመር ከበጠሰው ወዲህ ደረጃ በመውጣትና በመውረድ እግራችን ጠንክሮልናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ መጠባበቂያው ጄኔሬተር ሲመረጥ የተከራዮች ተወካይ የነበርኩት ካሳዬ ነኝ። ስለዚህ ከምስጋናው ግማሹ ለራሴ ይድረስ።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ ሁለት ጄኔሬተሮች አቅርበውልን ነበር፤ ሁለቱም በጋዝ ቧንቧ የሚሠሩ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። አዲስ አበባ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ የጎረቤቴ ጄኔሬተር በጩኸቱና በጭሱ ፍዳዬን ሲያሳየኝ ስለኖረ፣ እኔ የጠየቅሁት ይጮኻል ወይ፣ ይሸታል ወይ ብቻ ነበር። እዚያ ጄኔሬተር ከተነሳ ሱቁ በሙሉ ይበራል፤ የትኛውን አምፖል ነው የሚያበራው ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። እርስዎም ያልተጠየቁትን ላለመናገር ያሳዩት ጨዋነት የሚደነቅ ነው። ትንሹ አይጮኽም አሉኝ፤ እንግዲያው ትንሹ ይሁን አልኩ።

ሁለተኛ፣ «አስፈላጊ አገልግሎት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። መብራት ሲጠፋ የመተላለፊያው አምፖሎች፣ የእሳት ደወሉና የእርስዎ ቢሮ ሠሩ። ሊፍቱ አስፈላጊ አልነበረም። አስራ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት የሐጃ መኪያ የኦክስጅን መሣሪያም እንዲሁ።

ሐጃ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ በስብሰባው ጎናቸው ተቀምጬ ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነበርኩ። አይስጉ፣ መሣሪያዎም ይሠራል፣ ሊፍቱም አይቆምም ብዬ ማንም ያላለውን ነገርኳቸው። «አንተ ካልክ ይሁን ልጄ» ብለው ለትንሹ ድምፅ ሊሰጡ እጃቸውን አወጡ። በዚያ በበረዶው ቀን መሣሪያው ሲቆም፣ እኔና ጎረቤቴ ብሩኪ በወንበር ተሸክመን በደረጃ አወረድናቸው። ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ አደከምኳችሁ እያሉ ይቅርታ የሚጠይቁን እርሳቸው ነበሩ። አንድ ቃል ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ከሆስፒታል ከተመለሱ ወዲህ በራቸውን ለማንኳኳት አልደፈርኩም፤ አፍሬ ነው።

ሦስተኛ፣ ትንሹ በትልቁ ይለወጥልን ብለን ስንለምንዎ፣ የመረጠው የራሳችሁ ተወካይ ነው ብለው በትሕትና መለሱልን። እውነትዎን ነው፤ ጥፋቴን አልክድም፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝም እርሱ ነው። ነገር ግን እኔ ባለሱቅ ነበርኩ፤ የትኛው መስመር ከጄኔሬተሩ ጋር እንደሚገናኝ ያውቁ የነበሩት እርስዎ ነበሩ። ሌላ በረዶ ሳይመጣ ሊፍቱንና የሐጃን ክፍል የሚችለው ይተከልልን።

ለሚያደርጉልን ሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሳሁ፣
ከታላቅ አክብሮትና ከማይለቀኝ ኀፍረት ጋር፣
ታዛዥዎ ካሳዬ

ማሳሰቢያ፦ ጄኔሬተሩ እስኪለወጥ ድረስ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሐጃ መኪያን ከነመሣሪያቸው ወደ ቢሮዎ ይዣቸው እመጣለሁ። ሶኬትዎ እንደሚሠራ አይቻለሁ፤ ያን ዕለት የቡና ማፍያዎ ተሰክቶበት ነበር። አይሆንም የሚሉ ከሆነ፣ ፊት ለፊታቸው ቆመው ለእርሳቸው ይንገሩልኝ። በአስተርጓሚ አይቸገሩም፤ በዚህኛው ጊዜ አንድም ቃል አልጨምርም።