ከጋቢናው መብራት የጠለፍኩት ሽቦ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሁለት መኪና ላይ ካሜራ ገጠምኩ። አንዱ ከኮኪት የመጣ አይሱዙ፣ ሁለተኛው የሐጂ ኢድሪስ። ወገቤ ተቆርጧል። ጋቢና ውስጥ ተጣጥፎ መሥራት ለሰው የተፈጠረ አይደለም። እጄ ናስትሮ ሲጠቀልል ውሎ ሙጫ ሆኗል፣ ገጽህ ይጣበቅብኛል፤ ቻለው፣ ማስታወሻዬ።

ገበያው እኔም አልገባኝም። አምና አንድ ካሜራ መስኮት ላይ ሰቅዬ አቧራውን ስጠርግ ከረምኩ። ዘንድሮ የሰሊጥ ጭነት ከተጀመረ ወዲህ ገንዳ ውሃ ያለ ባለመኪና ሁሉ ካሜራ ካሜራ ነው። ዕቃው ድሮ ከማዶ ይመጣ ነበር፤ ሱዳን ጦርነት ከገባች ወዲህ በጎንደር በኩል ነው። ካርቶኑ ገና ሳይፈታ ያልቃል። ምክንያቱ መንገዱ ነው። ሰው ይታገታል፣ ጭነት ይራገፋል። ባለቤት ሾፌሩን ይጠረጥራል፣ ሾፌር ባለቤቱን ያማል። ታዲያ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል።

አንድ ገበሬ ኤሌክትሪሽያኑ የት ሄደ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ቆይቶ ይመጣ ይሆን? አለኝ። አባቴ ጎንደር ላይ ይህን ሙያ ሲያስተምረኝ ይህንንም ቻይው ብሎኝ ነበር።

የሐጂ ኢድሪስ ካሜራ ከሌላው ይለያል። ሐጂ ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ባሌ አያሌው የሚነዳውም የእሳቸውን መኪና ነው። አንዱ ካሜራ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ጋቢና ያያል፤ ዳሽቦርዱ ላይ መዳፍ የሚያክል ስክሪን አለ። ሐጂ ማን በር ከፍቶ እንደገባ ማየት አለብኝ አሉ። በር ሲከፈት የጋቢና መብራት ይበራል። ስለዚህ የስክሪኑን ቀይ ሽቦ ከዚያ መብራት ጠለፍኩት። በደንቡ ቢሆን የሚያያዘው ከኋላ ማርሽ ጋር ነው፣ መኪናው ወደ ኋላ ሲል የኋላውን እንዲያሳይ። እኔ ግን መብራቱ በበራ ቁጥር ጋቢና ውስጥና መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ፊት ስክሪኑን ሞልቶ እንዲወጣ አደረግሁት። ሾፌር አግኝቶ እንዳይቆርጠውም ከጣሪያው ጨርቅ ሥር ቀበርኩት። ሐጂ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ወጡና ሞከሩት። ፊታቸውን አይተው ሳቁ። ማሻአላህ ልጄ አሉኝ። ኮራሁ፣ አልዋሽህም። የዛሬው የመጨረሻው ነው፤ የቀሩትን መኪኖቻቸውን፣ የአያሌውንም ጭምር፣ ሰሞኑን በዚሁ መልክ ጨርሻለሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ሾፌሮች አኩርፈውኛል። ጠዋት ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ቆመ። አንዱ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንዳትቀርጸኝ አለ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ቅር አለው።

አያሌው ዛሬ አብርሃ ጅራ ሄደ፣ ሊጭን። እየተነጫነጨ ነው የወጣው። «ቤት አንቺ፣ መንገድ አንቺ። የት ልግባልሽ?» አለኝ። ትእዛዙ የሐጂ ነው፣ እኔ ሽቦ ነው የማያይዘው አልኩት። ልጃችንን ፍሬን ስሞ፣ ለካሜራው ምላስ አውጥቶ ሄደ። እስከ እሑድ እመለሳለሁ ብሏል። እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ከተቋረጠ ሰነበተ። ሲሄድ ሁሌ ሆዴ ይባባል፤ ዛሬም ባባ። ደግነቱ ካሜራ አለው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ ማታ 1 ሰዓት

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ አይነበብ ይሆናል።

ጋሽ ደሴ መጡ። የሐጂ የቆየ ሾፌር ናቸው፣ ወሎዬ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ። ከአብርሃ ጅራ ነው የመጡት። ፊታቸው አብጦ አንድ ዓይናቸው ተደፍኗል፣ ከንፈራቸው ተተርትሯል። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። በረንዳዬ ላይ ሲቀመጡ ባበጠው አፋቸው አብሽሪ፣ አብሽሪ ይሉኛል፣ እኔ እንደተመታሁ።

የሆነው ይህ ነው። መንገድ ላይ መሸባቸው። ፊት ለፊት ገመድ ተወጥሮ አዩ። የወረዳው ኬላ መሰላቸው። ሾፌር ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ቀዝቀዝ አሉ፣ የፊቱን መብራት አጠፉ፣ የጋቢናውን አበሩ። ይህ የቆላ ሕግ ነው። ውስጥ ማን እንዳለ ካልታየ ይተኮሳል። አንድ ክላሽ ያነገተ ሰው በመስኮቱ ጎንበስ አለ። ስክሪኑ በርቶ ነበር። ሰውዬው የገዛ ፊቱን ፊት ለፊቱ አየ።

ለማን ነው የምታሳየኝ? ብሎ በሰደፍ መታቸው። ስክሪኑን ሰባበረ፣ ጎትተው አወረዷቸው። ሽማግሌ ናቸው ተብሎ ነው የተለቀቁት። መልእክትም ሰጥተዋቸዋል፤ ከእንግዲህ ፊት የሚያሳይ መኪና ካገኘን ሾፌሩን አንጠይቅም ብለዋል።

ማስታወሻዬ፣ እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። ያን ሕግ የማያውቅ የቆላ ሰው የለም። ስንት ጊዜ ከአያሌው ጎን ተቀምጬ ኬላ ስንደርስ መብራቱን ራሴ አብርቻለሁ። እጄ ያውቀዋል። ሽቦውን ስጠልፍ ግን ቀን ነበር፣ መኪናው ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ እኔ የማስበው ስለ በር ነበር። ኬላ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም።

ጋሽ ደሴ የካሜራው ተፈጥሮ መስሏቸዋል። የፈረንጅ ዕቃ ይላሉ። በለብ ያለ ውሃ ፊታቸውን ጠረግሁላቸው። አልነገርኳቸውም።

አያሌውን ዓርብ አይተውታል። ወረፋ እየጠበቀ ነው፣ ገና አልጫነም። ስልኩ ላይ ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሽቦውን ጭምር። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ አስተግፊሩላህ አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሾፌሮች ሁሉ ላስነግር አልኩ። አይሆንም አሉ። ነገሩን ሳስበው እውነታቸውን ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የሐጂ መኪና ፊት ይቀርጻል የሚለው ወሬ ሻይ ቤት ከገባ፣ እስከ ማታ ጫካ ይደርሳል። ያኔ ካሜራ ያለውም የሌለውም ይመታል። «ልጄ፣ አፍሽን ያዥ፣ እጅሽን አፍጥኚ» አሉኝ።

መብራቱን አታብሩ ማለት ደግሞ አይቻልም። ያላበራ ይተኮስበታል። ያበራ ፊት ያሳያል። ያለው መላ ሽቦውን መቁረጥ ብቻ ነው።

ከተማ ያገኘኋቸውን ዛሬውኑ ጀመርኩ። ሾፌሮቹ ምን ሆነ ይሉኛል። ሾርት እያደረገ ነው፣ እሳት ያስነሳል እላለሁ። አንዱ ያቺ ጎበዝ ኤሌክትሪሽያን የት ሄደች ብሎ ቀለደ። ፒንሳዬን ይዤ ወደ ቀጣዩ መኪና ወጣሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ከተማ ውስጥ ያሉት አለቁ። አንዱ ጎንደር ነበር፤ በስልክ አግኝቼ እዚያ ያለ የማውቀው ሠራተኛ ቆረጠለት። አንዱ ጋራዥ ተኝቷል። የቀረው አያሌው ነው። የሁሉም አልቆ የገዛ ባሌ ቀረ።

ራሱ አይቶት ይሆን? እያልኩ አስባለሁ። ሲጫን በር ይከፈታል፣ መብራቱ ይበራል፣ ፊቱን ያያል። ግን ቢያይስ? ይስቃል እንጂ ምን ይጠረጥራል። ምናልባት ለሠራተኞቹ እያሳየ ይሆናል፣ የሚስቴ ሥራ ነው እያለ።

መልእክት ልላክ አልኩ። በማን? አውቶቡስ ተራ ሄጄ ቆምኩ። የሚሄዱት ሳሉግ የምንላቸው ሰሊጥ አጫጆች፣ ነጋዴዎች፣ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። አያሌውን ፈልገህ ስክሪኑን ንቀል በለው ልበል? ለምን ቢለኝ? ማን ለማን እንደሚናገር በምን አውቃለሁ? አንድ ሰው ፊቴን ትኩር ብሎ አየ። የሚያውቀኝ መሰለኝ። ምናልባትም ዝም ብሎ ነው ያየው። ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ማታ ፍሬ አባዬ መቼ ነው የሚመጣው አለች። ነገ አልኳት። ነገ የሚለው ቃል አፌን መረረው።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

ከአብርሃ ጅራ የመጣ አውቶቡስ ገባ። ተሳፋሪዎቹን ጠየቅሁ፣ የሰሊጥ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው እየመሰልኩ። መኪኖቹ ጭነው ተሰልፈዋል። አጀብ እየጠበቁ ነው። ነገ ከምሳ በኋላ ይነሳሉ ተብሏል። ያስፈራኝ ቀኑ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ከምሳ በኋላ የተነሳ የተጫነ መኪና ጋሽ ደሴ የተመቱበት ቦታ ሲደርስ ይመሻል። አጀቡም እስከ መጨረሻው አይመጣም፤ ከመንገድ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሾፌር ለራሱ ነው። ገመድ ሲያይ አያሌው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። የፊቱን ያጠፋል፣ የጋቢናውን ያበራል። ጨዋ ሾፌር ነው። ሕግ አክብሮ ይሞትብኛል።

ፈራሁ። ሌላ ማንም አይሰማኝም ብዬ ነው ለአንተ የምነግርህ። ከልጅነቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ራሴ ሄጄ ልቆርጠው ይገባል፤ የነገው አውቶቡስ ግን ሞልቶ እስኪነሳ ይረፍዳል።

ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ጋሽ ደሴ ቤት ሄድኩ። ሰምተው ቢያባርሩኝም ይገባኛል ብዬ። ነገ ጎህ ሲቀድ ባዶ መኪና ይዘው አብርሃ ጅራ እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ፣ ሁለተኛ ጭነት አላቸው። በዚያ ባበጠ ፊት ይሄዳሉ። ለምን እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው፤ ሥራ ነው አሉ።

ይዘውኝ ይሂዱ አልኳቸው። ለምን አሉ። እዚያ ላይ ምላሴ ተፈታ። ስለ ቀዩ ሽቦ ነገርኳቸው፤ ከመብራቱ የጠለፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ውሃ እያሞቅሁ ፊታቸውን ስጠርግ አውቄ ዝም እንዳልኩ። አያሌው በዚያው ሽቦ እየመጣ እንደሆነ። መሬት መሬት እያየሁ ነው የተናገርኩት።

ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው አዩኝና ተመለሱ። ጋሽ ደሴ ጉንጫቸውን ዳሰስ አደረጉ። «እኔን እንደሁ መትተውኛል። እሱን እንዳይመቱት ነይ ጠዋት» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። አብሽሪ አላሉኝም። ያ ቃል ከአፋቸው ባለመውጣቱ ምን ያህል እንደተቀየሙኝ አወቅሁ። ቢሆንም ይወስዱኛል።

አማቴ ከፍሬ ጋር ሊያድሩ መጥተዋል። አያሌው ጭነቱ ከብዶት ጎማ ፈንድቶበታል፣ ጎማ ላደርስለት ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው ነገ ሚካኤል ነው፣ በዓመት በዓሉ መንገድ ትወጫለሽ? አሉ። እሱ ራሱ ይከተለኛል አልኩ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ናስትሮ በፌስታል አድርጌያለሁ። ከላዩ ቲማቲምና ዳቦ። ቢፈትሹኝ ለባሏ ስንቅ የያዘች ሴት ነኝ።

በቀን ነው የምንሄደው፤ ያን ቦታ በፀሐይ ነው የምናልፈው። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ነው። ቀን አይቆሙም ያለኝ ግን የለም። የጋሽ ደሴን ፊት ያበላሸው ሰው የጋሽ ደሴን መኪና ያውቀዋል። ይህን ትናንት አላሰብኩትም፣ አሁን ጫማዬን ሳስር ነው የመጣብኝ። ጋሽ ደሴ ግን ያስቡታል። አስበውትም ነው ነይ ያሉኝ።

ከምሳ በፊት ከደረስኩ የጣሪያውን ጨርቅ ለመግለጥ፣ ሽቦውን ለመቁረጥ ጊዜ አይፈጅብኝም። አያሌው ምን አመጣሽ ይለኛል። እነግረዋለሁ። ይቆጣ፣ ይሳቅ፣ የፈለገውን ይሁን፤ ፊቴ ቆሞ ይሁን።

ካልደረስኩ

አይ። አልጽፈውም።

አንተን ይዤ አልወጣም። ይህን ሁሉ ጽፌብሃለሁ፤ መንገድ ላይ ቢያገኙህ ከካሜራው አትሻልም። ከአሮጌ ባትሪዎች ሥር ነው የማስቀምጥህ።

ፍሬ ተኝታለች፣ እጇን አንገቷ ሥር አድርጋ፣ ልክ እንደ እሱ። አልቀሰቅሳትም። ከቀሰቀስኳት አልወጣም።

ጋሽ ደሴ ክላክስ አደረጉ። አማቴ በሩን ከፍተውልኛል። መጣሁ በሉልኝ አልኳቸው