ሎጉ እንዴት አደረ?

ሰኔ 3
ሎጉ 58 በመቶ ሞልቷል። ትናንት 54 ነበር። መዘገብኩ፣ ፈረምኩ፣ ምሳ በላሁ።
የገበሬዎች ማኅበራችን ጥበቃ ጋሽ ያርጋል በር ላይ ያዙኝ። «በየቀኑ ምኑን ነው የምትለኪው ልጄ?» ሎግ ማለት ሲስተሙ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት ነው፣ ወደ ባክአፕ ሳጥኑ ሲገለበጥ ይራገፋል፣ ጢም ካለ ግን ሥራ ቀጥ ይላል አልኳቸው።
«እግዜር ይማረው» አሉ።

ሰኔ 6
69። ለምን አይራገፍም? ባክአፑ በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በራሱ ይሠራል... መሥራት አለበት። ሰኔ 12 የገብስ ዘር ዕደላ ነው። ከበየዳ ድረስ ገበሬ ይመጣል። ያን ቀን ቢቆምብኝስ?

ሰኔ 8
81። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡኝ። «የዕደላው ቀን ሲስተሙ ከቆመ ትሰናበቻለሽ።» እግራቸውን ወደ ኤሌክትሪክ ማሞቂያቸው ዘርግተው ነው የሚያስፈራሩኝ። የደባርቅ ብርድ እንኳ ሥልጣን ያውቃል፣ እሳቸው ቢሮ አይገባም።

ሰኔ 9
88።
«እንዴት አደረ?» አሉ ጋሽ ያርጋል።
«ብሶበታል።»
«ጠበል ብንሞክርስ?»
ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከተባረርኩ ዳባት እናቴ ቤት ልገባ ነው... ጎረቤቱ ሁሉ «ኮምፒውተር የተማረችው ዘቢደር መጣች» ሊለኝ።

ሰኔ 11
4። አራት! ደግሜ አየሁ። አራት።
ማን ነካው? አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ትናንት ጎንደር ስብሰባ ነበሩ። ጋሽ ያርጋል ትናንት ጠዋት ቢሯቸውን ሲያስጠርጉ ማሞቂያውን ነቅለው፣ መሬት ወድቆ ያገኙትን ገመድ ሰክተዋል። «ጥፋት ነው እንዴ?» አሉኝ።
የባክአፑ ሳጥን ገመድ! ውድ ንብረት ስለሆነ አለቃ ቢሮ ይቆለፍበት የተባለው። ቢሮው ያለው አንድ ሶኬት። ማሞቂያው ከመጣ ጀምሮ ተነቅሎ ከርሟል።
አለቃዬን ልረግም አፌን ስከፍት፣ «አንቺስ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቀን ስትለኪ ገመዱን አላየሽውም?» አሉኝ።
አላየሁም። ባክአፑ አልሠራም የሚለው መልእክትም ለካ በየቀኑ ይመጣልኝ ነበር። ቁጥር ስጽፍ አላነበብኩትም። አፈርኩ።

ሰኔ 12
ዕደላ። አልቆመም! ከበየዳ ሁለት ቀን የተጓዙት እማማ ደብሪቱ የዘር መውሰጃ ኩፖናቸው ታትሞ ሲወጣ ሳሙት።
ማታ ለአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ስለ ሶኬቱ ነገርኳቸው። «ታዲያ ጥፋተኛው የኔ ማሞቂያ ነው?» «እኔም ነኝ» አልኩ። ማሞቂያውን በእግራቸው ወደ ጥግ ገፉት።

ሰኔ 15
መጀመሪያ ገመዱን አየሁ። ከዚያ ቁጥሩን። 5።
አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ የጋሽ ያርጋልን ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል።
«እንዴት አደረ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።
«ደኅና ነው። እርስዎስ?»
«በረደኝ።»
የማስጠንቀቂያዬን ቅጂ ከፋይሌ አውጥተው ሰጡኝ። ልቀደው ነበር... ተውኩት። ገልብጬ በጀርባው «አይነቀልም!» ብዬ ጻፍኩና ሶኬቱ ላይ ለጠፍኩት።