«ፋይሉ ሞቷል» ላሉኝ ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣
የንጋት ምስልና ድምፅ ማዕከል ኃላፊ፣
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ ዓይንዎ ደኅና እንዲሆን አጥብቄ እመኛለሁ፤ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው መስመር እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁና።

እኔ ባለፈው ዓመት፣ በ2006 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ሦስት ቀን በርዎ ላይ የቆምኩት የአማርኛ መምህርት ነኝ። አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ አርባ ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ሊያርፉ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ በተዋስኩት ካሜራ ሁለት ሰዓት ቀረጽኳቸው። በአርባቸው ለተማሪዎቻቸው ላሳይ ብዬ ሚሞሪውን ይዤ በማዕከሉ ኮምፒውተር ላቀናብረው ወደ እርስዎ መጣሁ። ላደረጉልኝ ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ይገባል።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ገና ሲከፈት እየደረቀ ራሱን አሥራ አንድ ጊዜ ሲዘጋ፣ እርስዎ አሥራ አንድ ጊዜ «ሪስታርት አድርጊው» አሉኝ። ዲስኩ ሞልቷል የሚል ጽሑፍ ብቅ ባለ ቁጥር ሳያነቡ ያጠፉበት ፍጥነት እስካሁን ይደንቀኛል። የሞሉት የእርስዎ የህንድ ፊልሞች መሆናቸውን ልጠቁም ብሞክር፣ «አንቺ የአማርኛ አስተማሪ አይደለሽም?» ብለው ቦታዬን አሳወቁኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ንጽሕናዎ። በሦስተኛው ቀን እኔን ሳይጠይቁ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረጉት፤ ፊልሞችዎን ግን አስቀድመው አሽሽተዋል። ሚሞሪዬንም «ቫይረስ ይኖረዋል» ብለው አብረው አጸዱት። አባቴስ ብዬ ስጠይቅ፣ «ፋይሉ ሞቷል እህቴ፣ እርምሽን አውጪ» አሉኝ። አባቴ ከተቀበሩ ሠላሳ አንድ ቀናቸው ነበር። እርስዎ ፊት አላለቀስኩም፤ መናኸሪያ ደርሼ ነው ያለቀስኩት።

ሚሞሪውን «ልሞክርልሽ» ብለው ሳምንት አቆይተው ባዶውን መለሱልኝ። አርባው ያለ ምስል አለፈ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ሞጣ እንድሄድ ስላስገደዱኝ ነው። እዚያ ፎቶ ቤት ያላት ፈንታነሽ «ሲዘጋ ምን ይል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ ቦታ ጠቦት ነው እንጂ ሌላ ምን ሆነ? ትንሽ ቢቀንሱለት ይሠራ ነበር» አለች። ቀጥላ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ሚሞሪውን ቀኑን ሙሉ ስታስፈትሽ ዋለች። ከሁለቱ ሰዓት አርባ ደቂቃ ተገኘ። የቀረውን ምን እንደበላው ያወቅነው፣ ከአባቴ ምስል ቀጥሎ የእርስዎ የሹመት ግብዣ ሲወጣ ነው። ለካስ ሚሞሪዬን የሞከሩት ግብዣዎን ቀርጸውበት፣ ኋላም አጥፍተውት ኖሯል።

ፈንታነሽ «ይህን ልቁረጠው?» አለችኝ።

«አትንኪው» አልኳት።

ባለፈው እሑድ፣ በሙት ዓመታቸው፣ ሁለት መቶ ሰው በተቀመጠበት ድንኳን እንዳለ አሳየሁት። አባቴ ተማሪ ሳሉ የሰሙትን አንድ ቅኔ አሰምተው ወርቁን ሊገልጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እርስዎ ብርጭቆ ይዘው እየሳቁ ብቅ አሉ። የአባቴ የመጀመሪያ ተማሪ አለቃ ወልደ ሰንበት «ይህ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስምዎን ከነአባትዎ፣ ሥራዎንና የቢሮ ቁጥርዎን ነገርኳቸው። «ድገሚው» አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። የቅኔውን ወርቅ እርሳቸውም አያውቁትም። አሁን የሚያውቀው የለም።

ከሰኞ ጀምሮ ሰላምታ የሚነፍግዎ ሰው ከበዛብዎ ምክንያቱ ይህ ነው።

ይቅርታ እንዳይጠይቁኝ አደራ እላለሁ፤ የማልሰጥዎትን ነገር ሲለምኑ ማየት አልፈልግም።

ስምዎን በተነሣበት ሁሉ ሳላሳጥር ለመጥራት ቃል የምገባልዎ፣
ወይንእሸት አካለ ወልድ

ግልባጭ፦ ለማዕከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ባንቺዓለም ማክሰኞ ዕለት ቅጂ ጠይቀውኝ ሰጥቻቸዋለሁ። ግብዣው ላይ አጠገብዎ ተቀምጣ የምታጎርስዎ ሴት ማን እንደሆነች ጠየቁኝ፤ ይህን የመግለጽ ክብር ለእርስዎ ትቼዋለሁ።