በዘጠኝ ሰዓት የጠጣሁት በሶ

መጋቢት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

እስክሪብቶውን የያዘችው ሚስቴ ገላነሽ ናት። መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራ የምስክር ወረቀት ተቀብላለች። እኔ አልገባሁም። እኔ ደረሰ በዚህ ዕድሜዬ ከሕፃን ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ ልበል? አይሆንም። ግን እጇ እንዳይረሳ ማታ ማታ የምላትን ትጽፋለች።

ዛሬ ምንም የለም። ጎረቤቴ አዛናው መሬቴን ሲያርስልኝ ዋለ። ደግ ሰው ነው፣ ትልሙን ግን ያጣምመዋል። ደጃፍ ተቀምጬ አየሁት... ምን ላድርግ? ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄጄ ጉልበቴን ነከርኩት፣ ያው ነው። ደክሞኛል።

መጋቢት 12

ከባሕር ዳር ሁለት ተማሪዎች መጡ። ደብረወርቅ የምትባል ልጅ፣ አፏ የማያርፍ። በላቸው የሚባል ደግሞ የፊልም ካሜራ የተሸከመ። መምህራቸው የመጠጥ ማስታወቂያ ሥሩ ብሏቸዋል። የምን መጠጥ? በሶ! በስኳርና በጨው በጥብጠው ጠርሙስ ውስጥ አድርገውታል፣ የስፖርተኛ መጠጥ ነው ይሉታል። እኔ በሶ ስጠጣ ስንት ዓመቴ... ማንም ስፖርተኛ አላለኝም።

ሯጭማ ሞልቷል አለች ልጅቷ፣ ሽማግሌ ገበሬ ነው የፈለግነው። ያርሳል፣ ይደክመዋል፣ ይጠጣል፣ ተነሥቶ እንደ ጎረምሳ ያርሳል። ፊልሙ አንድ ጥቅል ብቻ ስለሆነ ሁለቴ አይነሣም አሉኝ።

እንቢ ልል ነበር። ጥሩ ከወጣ ሰሜን ላለው ጦር ፊልም የሚያሳየው መኪና ይዞት ይሄዳል አለች። ልጄ አያልነህ እዚያ ነው። ሲዘምት ታምሜ አልጋ ላይ ነበርኩ። "አባዬ፣ ቆመው ሳላይዎ ልሂድ?" ነበር ያለኝ።

እሺ አልኳቸው። ቆሜ ይየኝ።

መጋቢት 13

ጠዋት አዛናው በሬዎቹን ጠመደልኝ። በላቸው ብርሃኑ አሁን ነው የሚያምረው አለ። ደብረወርቅ ጠርሙሱን ሰጠችኝ። ሁዳዴ አይደለም እንዴ? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል ውኃ አልቀምስም አልኳት።

"አባባ፣ ወደ አፍዎ ብቻ ያስጠጉት። ማን ያውቃል?"

"ልጄ ያውቃል። ጥላዬ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና ተዘርግቶ እያየ ጠዋት መሆኑ ይጠፋዋል? አባቴ ጾም ሻረ ይበል?"

ተያዩ። በላቸው ካሜራውን መልሶ ከተተው። ጠበቁኝ።

ሜዳው ላይ ጥላ የለም። ተቀመጡ ቢሉኝ አልተቀመጥኩም። ሊያነሡኝ የመጡት ቆሜ አይደል? ገላነሽ ሁለቴ መጥታ ለመነችኝ፣ ተቆጣኋት። የቁሐር ሚካኤል ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይጨልም ነበር።

ከዚያ ካሜራው መንጫጫት ጀመረ። እርፉን ያዝኩ፣ አንድ ትልም ሄድኩ። ቀጥ ያለ! ጠርሙሱን ጨለጥኩት። ጨው በዝቶበታል። አፌን ጠርጌ እርፉን መልሼ ልይዝ ስል...

ገላነሽ ይህን አልጽፍም አለች። እኔም አልልም። ይቅር።

መጋቢት 14

አልተነሣሁም።

ሚያዝያ 21

ፋሲካ አለፈ። ዛሬ ተማሪዎቹ ወረታ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ነጭ አንሶላ ሰቅለው ፊልሙን አሳዩን። ሰው ግጥም ብሏል።

አንድ ሽማግሌ በሬ ይዞ ብቅ አለ። አንገቱ የቀጠነ፣ ወገቡ የጎበጠ። ይሄ ደግሞ ማነው ብዬ ገላነሽን ጠየቅኋት። "እርስዎ ነዎታ፣ ማን ይሆናል?" አለችኝ። እኔ እንዲህ ነኝ? መቼ?

ሽማግሌው ጠጣ። እርፉን ጨበጠ። ጉልበቱ ከዳውና አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። አንዲት ሴትዮ ከዳር ሮጣ መጥታ ብብቱን ይዛ አነሣችው። ነጠላዋ ወድቆ እንኳ አላየችውም። በላቸው ደንግጦ ካሜራውን ማጥፋት ረስቶ ኖሯል።

አዳራሹ ሳቀ። አንዱ ከኋላ "ይኸ መጠጥ ለመቀመጥ ነው እንዴ?" አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሲያልቅ ደብረወርቅ መጣች። ለጦሩ ይሄዳል አለችኝ። ቀስ ብላ ደግሞ፣ "አባባ፣ የወደቁበትን ቆርጠን እናውጣው? ጠጥተው አፍዎን ሲጠርጉ ያበቃል።"

"ቆሜ?"

"ቆመው።"

ይህንኑ አልነበር የፈለግሁት? ገላነሽን አየኋት። ነጠላዋን ታስተካክላለች። ያ ከተቆረጠ እሷም የለችበትም። አያልነህ እናቱን ካያት ስንት ጊዜው...

"ተዪው" አልኳት። "እናቱን ይያት።"

ስንመለስ አዛናውን ሞፈሬን ወስደህ ቤትህ አኑረው አልኩት። እንቢ እንዳይል ሳላየው ነው ያልኩት። ትልምህን ግን አቅና ብያለሁ።

ገላነሽ፣ ያን ቀን አልጽፍም ያልሽውን አሁን ጻፊው። ወደቅሁ፤ አንቺ አነሣሽኝ። ጻፍሽው? እንግዲያው ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። የወደቅሁበት ስትደርሺ እንዳታልፊው።