«አዎ በይው» ያልከኝ ዕለት

ለታላቅ ወንድሜ፦

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ያ የወገብ ሕመምህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጃችሁስ ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን እልህ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ቂምም ይዤብሃለሁና እሱን ሳልጽፍልህ አላድርም።

ኮምፒውተሩ እምቢ ያለ ሰሞን «ዲስክ አልተገኘም» ብሎ ድርቅ አለ። በስልክ እንደነገርከኝ ጎኑን በወጥ ቤት ቢላ ፈትቼ ገመዱን ነቅዬ መለስኩት። ተነሣ፤ ግን አርማውን አሳይቶ እዚያው ሲዞር ይውላል፣ ዲስኩም ቀጭ ቀጭ ይላል። ጎረቤታችን ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ደጋግመሽ አታስነሺው፣ መጀመሪያ ዲስኩን አምጪና ውስጡ ያለውን ልገልብጥልሽ ብሎኝ ነበር። ይህን ስነግርህ ያ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ምን ያውቃል ብለህ ሳቅህ። እኛ ቤት ደግሞ በዚህ ዕቃ ላይ ካንተ ቃል የሚወጣ የለም፤ አቧራውን እንኳ አስፈቅደንህ ነው የምንጠርገው።

ትተህልን በሄድከው ፍላሽ እንደ አዲስ መጫን ጀመርኩ። ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደውዬ ቃል በቃል አነበብኩልህ። የአባባ ድምፅስ ልልህ አፌን ስከፍት፣ «አዎ በይው፣ አዎ፣ አዎ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለህ ዘጋህብኝ። ቁልፉን የተጫነችው የእኔ ጣት ናት፤ አልክድም።

አሁን ወዲያው ይከፈታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ማይክሮፎን ስትሞክር አባባን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቀዳሃቸው አሥራ አንድ ደቂቃ የለም። ስለሚያፈሰው ቧንቧ ሲነጫነጩ ቆይተው መጨረሻ ላይ እማዬን «አንቺ ዘበናይ» ብለው የሚስቁባት። ከቁርስ በኋላ እሱን ሳትሰማ ቀኑ እንደማይጀመርላት ታውቃለህ። አንተ ጋ ቅጂ ይኖራል ብዬ ብጠይቅህ፣ እዚያው ነበር እኮ አልከኝ። ጠጋኙም አዲሱ በላዩ ስለተጻፈበት የድሮው አይመለስም ብሎ ብሎኑን መልሶ አጠበቀው።

ለእማዬ ድምፅ ማጉያው ተበላሽቷል ብዬ ዋሸኋት። ሦስት ሳምንት ሆነን። ጠዋት ጠዋት ወንበሯን ስባ ትቀመጥና ታየኛለች። መዋሸት ደከመኝ፤ ደውልና አንተው ንገራት። ያኔም ስብሰባ ላይ ነኝ እንዳትላት።

ታናሽ እህታችን ሰላም ብላሃለች። አክስታችንም ፎቶህን ላክ፣ መልክህ ጠፋኝ ትላለች። እማዬ ደግሞ ኮምፒውተሩ መነሣቱን አይታ ኮርታብሃለች፤ «ይህን ያስተካከለ ልጄ ድምፅ ማጉያውማ መች ያቅተዋል፤ እጁ ይባረክ» ብላሃለች።

እህትህ
ከሳሎኑ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን